ከጸሎቱ ሥር የነበረው ዜማ

ሀሴት ዘመድኩን የሰው ጆሮ ትለካለች። ሥራዋ ነው። ብሉር በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለች ትንሽ የጆሮ ክሊኒክ ውስጥ ሰዉን አንድ በአንድ ድምፅ ወደማይገባበት ጠባብ ክፍል ታስገባለች፣ ማዳመጫ ታደርግለታለች፣ ከዚያ ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ ቀጫጭን ድምፆች ትልክለታለች። የሰማ ቁልፍ ይጫናል። ያልሰማ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚመጡት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም «እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ሚስቴ ናት በግድ የላከችኝ» ባዮች ናቸው።

እና በጃንዋሪ አንድ ማክሰኞ ወረቀቱ ላይ «ሊዮ ጥጋቡ፣ ሃያ ስምንት ዓመት» የሚል ስታነብ ቀና ብላ አየች። ረጅም፣ ጠይም፣ ጺሙን ያሳደገ፣ የዌርሃውስ ጃኬቱን ያላወለቀ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። አንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለች ቁራጭ እንጨት አለች፤ እንጨቷ ላይ የሆነ ነገር ተጭሯል።

«ሐበሻ ነህ አይደል?» አለችው።

«አዎ። ግን አማርኛዬ... ሶሪ ነው» አለ።

ሳቋን ዋጠች። ሥራ ላይ ናታ።

ምርመራው መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ኋላ ግን ልጁ ምንም ሳትልክለት ቁልፉን ይጫን ጀመር። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ዝም ብለህ አትጫን እንጂ! ስትሰማ ብቻ ነው» አለችው በማይኩ።

«ሰምቼ ነው።»

«ምን ትሰማለህ? ምንም አልላክሁልህም እኮ!»

«አንቺን» አለ። «እየዘፈንሽ ነው።»

ሀሴት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክ አየችው። ቀይዋ መብራት በርታለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ክፍት ነበር። ለካ እሷ ሥራ ስትሠራ የምታንጎራጉረውን የእሁድ መዝሙር ልጁ በሁለት ጆሮው ሲኮመኩም ቆይቷል! ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«አልዘፈንኩም» አለች፣ ሌላ የምትለው ብታጣ። «መዝሙር ነው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

እስቲ አሁን ይሄ ይጠየቃል? ሀሴት ባደገችበት ቤት ከሰማይ በታች ያለ ዜማ ሁሉ ወይ መዝሙር ነው፣ ወይ ዘፈን ነው። መዝሙሩ ይዘመራል፣ ዘፈኑ ይተዋል፣ አለቀ። ሦስተኛ መደርደሪያ የለም። ይህንን ለአንድ በሽተኛ ማስረዳት ከሥራዋ ውስጥ ስላልሆነ ማይኩን ዘግታ ወደ ምርመራው ተመለሰች።

ጆሮው ደህና ነበር፤ አልፎ አልፎ ይጮህበታል እንጂ። ኢቶቢኮ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ዌርሃውስ ዕቃ ሲጭን፣ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲያንባርቅበት ይውላል። የጆሮ መከላከያ እንዲያደርግ ነገረችውና «ጨርሰናል» አለችው። አልተነሣም።

«እዚህ ውስጥ ትንሽ ልቀመጥ? ምንም አላደርግም። በጣም... ጸጥ ነው።»

ሰዓቷን አየች። ቀጣዩ ሰው ሊመጣ ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። «አምስት ደቂቃ» አለች።

ዓይኑን ጨፈነ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ሀሴት ከመስታወቱ ማዶ ሆና አየችው፤ ማየት እንዳልነበረባት እያወቀች አየችው። እሷ የምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ቤቱ ጸጥ ሲል የሆነ ነገር ይከፍታሉ። ጸጥታን እንዲህ እንደ ምግብ የተራበ ሰው አይታ አታውቅም። አምስቱ ደቂቃ አሥር ሆነና ቀጣዩ ሽማግሌ በሩን ሲያንኳኩ ሁለቱም ደነገጡ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ለጆሮው አይደለም። ቦርሳው ውስጥ ትልቅ የፍየል ቀንድ ይዟል።

«እዚያ ክፍል ውስጥ ሪከርድ ላድርግ?» አለ።

የክሊኒኩ ዶክተር ቀንዱን አይታ እስኪበቃት ሳቀችና ምሳ ሰዓት ላይ ከሆነ ፈቀደችለት። ሊዮ ገብቶ ነፋ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም፣ የሚጠራውን ሰው ስም የረሳ ይመስላል። ሀሴት ሳንድዊቿን አስቀመጠች።

«ይሄ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?»

እንግዲህ የሊዮን አማርኛ እንዳለ ብጽፈው ስለማንጨርስ ጨመቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ድሮ፣ ከሺህ ምናምን ዓመት በፊት፣ በእነኖርዌይና በእነስዊድን አገር ሰዎች ሩን የሚባሉ ፊደላት ነበሯቸው፤ በእንጨትና በድንጋይ ላይ በስለት የሚቀረጹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጭረቶች። እያንዳንዱ ፊደል ስም አለው። አንዱ በረዶ፣ አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ጉዞ፣ አንዱ ስጦታ። ክርስትና ገና ያልደረሳቸው ስለነበሩ በጫካው፣ በወንዙ፣ በነፋሱ ውስጥ መንፈስ አለ ብለው ያምናሉ። ዛሬ ያንን ዓለም እያሰቡ ሙዚቃ የሚሠሩ አሉ፤ በቆዳ ከበሮ፣ በቀንድ፣ በአጥንት ዋሽንት፣ ከጉሮሮ ሥር በሚወጣ ድምፅ፣ ቀስ እያለ እንደ ጭጋግ በሚመጣ ዜማ። ሊዮ ለሃያ አራቱም ፊደላት አንድ አንድ ሥራ ሊሠራ ተነሥቷል። አሥራ አንዱን ጨርሷል።

«ጣዖት ታመልካለህ ማለት ነው?» አለች ሀሴት፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ።

«አላመልክም። አይ ሚን... ምን እንደማምን አላውቅም። ጫካ ስሄድ ዝም እላለሁ። እሱ ጸሎት ከሆነ፣ አላውቅም።»

«አላውቅም» ሲል አላፈረም። ሀሴትን የገረማት እሱ ነው። ወንበሯን መልሳ አስጠጋች።

ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቅዳሜ ወደ ሃምበር ወንዝ ወሰዳት። ወንዙ ከላይ በረዶ ሠርቷል፤ ከሥር ግን ውሃው ይሄዳል። ሊዮ በአንዲት ስንጥቅ በኩል ትንሽ ማይክ አወረደና ማዳመጫውን አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለራሱ አደረገ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ውሃውን ሰሙ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ሀሴት ግን እንሂድ አላለችም።

አንገቱ ላይ ያለችውን እንጨት አወጣና አሳያት። አንድ ቀጥ ያለ ጭረት፣ ከአናቱ ወደ ታች ያዘነበለ ሌላ አጭር ጭረት። «የውሃ ፊደል ነው» አለ። «ይሄኛውን ለአባቴ ነው የምሠራው።»

ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«አባቴ ሲሞት ቤታችን ሰው ሞላ። እየተናገሩ ያለቅሳሉ፣ ታውቂያለሽ? እናቴም። ሁሉም ስለ አባቴ የሆነ ነገር ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሰምቶ ያለቅሳል። እኔ አማርኛው አልገባኝም። የእኔ አባት ነው የሞተው፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ። 'አይዞህ' ሲሉኝ 'አዎ' እላለሁ።» በጓንቱ አፍንጫውን ጠረገ። «ከዚያ ሥራ ላይ ይህን ሙዚቃ ሰማሁ። የሚዘፍኑበት ቋንቋ የሞተ ነው፤ እዚህ ማንም አይችለውም። ሁላችንም እኩል ነን። ያን ቀን ነው ያለቀስኩት። ካርቶን እየጫንኩ።»

የሀሴትን አንጀት በላው። ጓንቷን አውልቃ እጁን ያዘችው፣ እሱም ያዛት።

«ያን ጊዜ ያንጎራጎርሽውን አንጎራጉሪልኝ» አላት።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

አንጎራጎረች፤ ቀዳው። እዚያው በረዶው ዳር ቆማ ሀሴት እንደወደደችው አወቀች። ሲያያት ዓይኑን አልሰበረም፤ እሷም አልሰበረችም። ወደ መኪናው ሲመለሱ እግሯ መሬት የሚረግጥ አልመሰላትም፤ ያው በግማሹም ደንዝዞ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አባቷ ትዝ አሏት።

ጋሽ ዘመድኩን የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ከዚያም በላይ ኢስት ዮርክ ያለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። ስለ ወደፊት አማቻቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሀብት አይደለም፣ ዘር አይደለም፣ ዲግሪም አይደለም። «በጌታ ነው ወይ?» ነው ጥያቄያቸው። ሀሴት ደግሞ ሁለቱንም ትፈልጋለች፤ ሊዮንም፣ የአባቷን ምርቃትም። አንዱን ይዛ አንዱን መተው አይሆንላትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጠዋት ፈረንጆቹ፣ ከሰዓት በኋላ ሐበሾቹ ይሰበሰባሉ። ሀሴት የድምፅ መሣሪያውን ትቆጣጠራለች። እዚያ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ከሥር ዜማ ሳይኖር አይጸለይም። መሪው «እንጸልይ» ሲል ሰላሙ የሚባለው ልጅ በኪቦርድ ለስለስ ያለ ነገር ያስገባል፣ ሰዉም በዚያ ላይ ልቡን ያፈሳል። ዜማው ከሌለ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዱ ወንበሩን ያንቋቋል፣ ጸሎቱ አልነሣ ይላል። ይህን ያወጀ ማንም የለም፤ ሆኖ ተገኘ እንጂ።

በማርች አንድ እሁድ በረዶ ጣለና ሰላሙ መንገድ ላይ ቀረ። ጋሽ ዘመድኩን መድረኩ ላይ ቆመው «እንጸልይ» አሉ። ወደ ኪቦርዱ አዩ። ባዶ ነው። ወደ ሀሴት አዩና በእጃቸው «በይ የሆነ ነገር አስገቢ እንጂ» አሏት።

ስልኳን ሰካች። ኢንተርኔቱ አልሠራም። ስልኩ ላይ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው የሚከፈት ዜማ አንድ ብቻ ነበር፤ ሊዮ በዋዜማው የላከላት የውሃው ፊደል። ገና ረቂቅ ነው፤ ከበሮውም የጉሮሮ ድምፁም አልገቡበትም። ወንዙ አለ፣ ከሩቅ ቀንዱ አለ፣ ክሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ የክር መሣሪያ አለ፣ የራሷም ማንጎራጎር አለ። አባቷ አሁንም እያዩዋት ነው። ተጫነችው።

ቀጥሎ ሰዉ ይጸልይ ጀመር፤ እንደወትሮው በጩኸት ሳይሆን ዝግ ብሎ፣ አጠገቡ ካለ ሰው ጋር የሚያወራ እስኪመስል። ወይዘሮ ብርሃነሽ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እሁድ እሁድ መጥተው ይቀመጣሉ እንጂ ተንፍሰው አያውቁም። ያን ቀን ሲያለቅሱ ድምፃቸው እስከ ኋላ ተሰማ። ሀሴት ከመሣሪያዎቹ ኋላ ሆና እሷም አለቀሰች።

ሲያልቅ አባቷ እየሮጡ መጡ። «ይህን ማነው የሠራው?»

«አንድ... ጓደኛዬ ነው።»

«መዝሙር ነው?»

መደርደሪያው ሁለት ብቻ ነው። ወይ ይሄ፣ ወይ ያ።

«አዎ» አለች።

አይ ሀሴት! ምን ነበረበት «እኔ እንጃ» ብትል?

ከዚያማ በየእሁዱ ሆነ። ሰላሙ ተመልሶ መጥቶም «ኪቦርዱን ተወውና ያንን አስገቡልን» ተባለ። ወይዘሮ ብርሃነሽ መድረክ ወጥተው «ያ መዝሙር የተዘጋውን አፌን ከፈተው» ብለው መሰከሩ። ሀሴት ለሊዮ አልነገረችውም፣ ለአባቷም አልነገረችም። ነገ እነግራለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለ።

ኤፕሪል ላይ ሊዮ «ላገባሽ እፈልጋለሁ» አላት። በአማርኛ ነው ያላት፤ ለሦስት ቀን ተለማምዶት እንደነበር ኋላ አመነ። ቤት ሄዳ ለአባቷ አንድ ሰው እንዳለ ነገረቻቸው፣ እና ጨክና የመጨረሻውን ጨመረች፤ ዜማውን የሠራው ልጅ ነው።

«ያ ልጅ?» ጋሽ ዘመድኩን ከሶፋው ተነሡ። «ያ ልጅ?! ጌታ ሆይ ተመስገን! ውብአለም፣ ሰማሽ?»

እናቷ ውብአለም ሰምተዋል። የልጃቸውንም ፊት አይተዋል። ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደንብ፣ እጮኝነት ከመነገሩ በፊት ልጁ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ጌታን እንዴት እንዳገኘ ይናገራል። ቀጠሮው ለሜይ ወር መጨረሻ ቅዳሜ ተያዘ። በዋዜማው ሳምንት እሁድ ሊዮ ሱፍ ለብሶ፣ ጺሙን አበጥሮ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሀሴት ያን ቀን ሌላ ዜማ ልታስገባ አስባ ነበር። ወይዘሮ ብርሃነሽ ግን ገና በር ላይ «ያንን ዛሬም እንሰማዋለን አይደል የኔ ልጅ?» አሏት።

ውሃው መሄድ ሲጀምር ሊዮ ዞረ። ከሕዝቡ መሐል እሷን ብቻ አያት። አልተቆጣም፣ ፈገግም አላለም። ሀሴት ክው አለች። እሱ ጸሎቱ እስኪያልቅ ተነሥቶ ቆመ፤ ጉንጩ ረጥቦ ነበር።

ፓርኪንጉ ላይ ደረሰችበት።

«ሊዮ፣ ይቅርታ...»

«ስለተጫወትሽው አይደለም» አለ። «ሴትየዋ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ቆንጆ ነበር። ግን ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«መዝሙር ነው አልኳቸው።»

«እኔንስ ምን አልሻቸው?»

«በጌታ የሆነ ነው ብዬ...» ጨረሰችው ማለት አይቻልም።

«ደበቅሽኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርገው ይሻላት ነበር።

«ቅዳሜ ሲጠይቁህ አንድ ጊዜ አዎ በል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅህም።»

«ሀሴት፣ በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሲያወራ ሳይገባኝ አዎ እያልኩ ነው ያደግኩት። አሁን ደክሞኛል። ባንቺ ነገር ደግሞ እንደዚያ ማለት አልፈልግም።»

«ትቀራለህ?»

«እመጣለሁ። ግን ስለ ራሴ አልዋሽም። ስለ ዜማው እኔ ምንም አልልም፤ እሱን መናገር ያንቺ ነው።»

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ትወቅ። ክሊኒክ ውስጥ ድምፅ ሳትልክ «ሰማህ?» ያለችው ሰው ብዙ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በሰንበት ትምህርት ክፍል ነው፤ ሌላው ክፍል ተይዟል። ወንበሮቹ የሕፃናት ናቸው። ጋሽ ዘመድኩን፣ ሌላው ሽማግሌ ጋሽ ገረመውና ስለ ዜማው የመሰከሩት ወይዘሮ ብርሃነሽ በቀይና በቢጫ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ሊዮ ከፊታቸው ጉልበቱ ደረቱ ድረስ መጥቶ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሀሴት በሳቅ ትሞት ነበር።

«እሺ ልጄ» አሉ ጋሽ ገረመው ፊታቸው በርቶ። «ያንን መዝሙር ስትሠራ ጌታ እንዴት እንደመራህ እስቲ ንገረን።»

ሊዮ ወደ ሀሴት አየ። ጠበቃት እንጂ አልወቀሳትም።

አባቷም አዩዋት። የአባቷ ፊት ላይ ያለው ኩራት ነው የበለጠ ያመማት። አሁን ዝም ብትል ጋሽ ገረመው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ነገሩም ያልፋል። ካለፈ ደግሞ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ደብቃው ትኖራለች፤ ባሏን ከአባቷ፣ አባቷን ከባሏ።

«መዝሙር አይደለም» አለች።

ሁሉንም ተናገረች። ፊደላቱን፣ የድሮዎቹን ሰዎች እምነት፣ ያልገባውን ከበሮ፣ የሊዮን አባት፣ የዚያን እሁድ «አዎ» ያለችውን።

«ሦስት ወር ሙሉ!» ጋሽ ገረመው ተነሡ፤ ወንበሩም ተጣብቆባቸው አብሮ ተነሣ። «የጣዖት ዜማ ከጸሎታችን ሥር! ምን አስገባሽብን አንቺ ልጅ?»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ ቀስ ብለው። «ያ ሁሉ ለቅሶዬ ታዲያ ለማን ደረሰ?»

ሀሴት እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

ጋሽ ዘመድኩን ወደ ሊዮ ዞሩ። «አንተስ? ጌታን ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለ ሊዮ። «አንተን... ሶሪ፣ እርስዎን አልዋሽም።»

ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ። ከሰዓት በኋላ ውሳኔውን ያነበቡት ራሳቸው ጋሽ ዘመድኩን ናቸው። እጮኝነቱ አይነገርም። ሀሴት ስድስት ወር ከአገልግሎት ታግዳለች። ስሟ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረና መነጽራቸውን ያስተካከሉ መሰሉ።

ሦስት ሳምንት ቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። «እኔ ምን አድርጌ ነው ሁለት ዱዳ የምቀልበው?» ይሉ ነበር ውብአለም ሳህን እያስቀመጡ። ሀሴት ሊዮን አልተወችውም፤ እሱም አልተዋትም። ግን ሲገናኙ ስለ ሠርግ ማውራት ተሳናቸው። «አባትሽን አጥተሽ እኔን እንድታገኚ አልፈልግም» ይላታል። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ያቅፋታል።

በአራተኛው ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዘመድኩን የቫናቸውን ቁልፍ ይዘው ሳሎን መሐል ቆሙ።

«ልጁ የት ነው የሚኖረው?» አሉ።

አባትና ልጅ በቫኑ ወደ ኢቶቢኮ ነዱ። ከኋላ ቧንቧው በየመታጠፊያው ይንኳኳል። ሊዮ በሩን ሲከፍት ደነገጠ። ጋሽ ዘመድኩን ጫማቸውን አወለቁ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ከበሮና ቀንድ ቃኙ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያንን አሰማኝ» አሉ። «እሷ የደበቀችኝን ሁሉ ጨምረህ።»

ማዳመጫ አደረገላቸው። ሀሴትና ሊዮ በሩ አጠገብ ቆመው ፊታቸውን እያዩ ጠበቁ። ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ተፈታ፣ እንደገና ተቋጠረ። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ከበሮውን አልወደድኩትም» አሉ።

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ያ የሚያጓራው ሰውዬ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አሞህ ነበር?»

ሀሴት ሳቅ አመለጣት። አባቷ አልሳቁም፤ ከንፈራቸው ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ስለ አባትህ ንገረኝ።»

ሊዮ ጀመረ። አማርኛው አላደርስ ሲለው ቆመ። «በእንግሊዝኛ ተናገር፤ ይገባኛል» አሉት። ተናገረ። አባቱ ጥጋቡ እንዴት እንደሚስቅ፣ እሁድ እሁድ መኪና ሲያጥብ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ሆስፒታል ውስጥ መጨረሻ የነገረው ነገር በአማርኛ እንደነበር፣ እሱም «አዎ» እንዳለው። ጋሽ ዘመድኩን እስኪጨርስ ሰሙት።

«እህት ብርሃነሽ ለቅሶዬ ለማን ደረሰ ብላ ጠየቀች» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ሳምንት አልተኛሁም። ለሰሚው ደረሰ። እሱ የሚሰማው ሰዉን ነው፤ ከሥሩ ምን ይጫወት እንደነበር አይጠይቅም። ለሽማግሌዎቹም ይህንኑ ነግሬያለሁ። ገረመው አልተስማማም።»

ማዳመጫውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ለሊዮ መለሱለት።

«በቤተ ክርስቲያናችን ላጋባችሁ አልችልም። ውሳኔው የእኔም ነው፤ አልሽረውም። እሷ ዋሽታለች፣ ቅጣቷን ትጨርሳለች። አንተ አላውቅም ብለሃል፤ አንተው ራስህ አወቅሁ እስክትል አልገፋህም። ግን የትም ብትጋቡ እኔ እዚያ ነኝ።» ተነሡ። «ኑ፣ ተንበርከኩ። ልመርቃችሁ።»

ሀሴት መንበርከኳን እንኳ አላወቀችውም፤ እንባዋ ቀድሟታል። አንዱ ከባድ እጅ በእሷ ራስ ላይ፣ ሌላው በሊዮ ራስ ላይ አረፈ። ከሥር የሚጫወት ምንም አልነበረም። ጋሽ ዘመድኩን በዚያ በሚታወቁበት ድምፅ፣ በዚያ ሰፊና ሙሉ አማርኛ ጀመሩ፤ ትውልድን ጠሩ፣ ቤትን ጠሩ፣ ልጅ ልጅን ጠሩ። ሊዮ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

መሐል ላይ አቆሙ።

ሀሴት ቀና ብላ አየች። አባቷ ሊዮን ቁልቁል እያዩት ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም። አባቷ በዚህ አገር በኖሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት እንግሊዝኛን የሚናገሩት ስለ ቧንቧ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ጸልየው አያውቁም፤ ያፍሩበታል።

«ጎድ» አሉ።

ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ፣ ይህ ልጅ ገና አያውቅህም አሉ። ግን አይዋሽም አሉ። አባቱን ቀብሯል፣ ሰዉ ያለቀሰለትን እንኳ አልሰማም አሉ። ቃል አለቀባቸውና ቆሙ፤ የሊዮን ራስ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ናው» አሉ፣ «ሂ ኢዝ ማይ ሰን።»

የሊዮ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል፤ እያንዳንዷም ገብታዋለች።